ፎቄ የሞሮኮ ዶሮ የሠራች ዕለት

«ፎቄ» የሚለውን ስም ያወጡላት የሥራ ባልደረቦቿ ናቸው። ክሬን ነጂ ናት፤ ቀኑን ሙሉ ከፎቅ ሁሉ በላይ ተሰቅላ ነው የምትውለው። ስሙ ከሥራ ቦታ ተከትሏት ቤት ገባና ባሏም በዚያው ጠራት፣ ልጆቿም አድገው ከቤት እስኪወጡ በዚያው ጠሯት፤ እሷም ደስ ይላታል እንጂ አይከፋትም። በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ ስንት የብረት ምሰሶ፣ ስንት የመስታወት ግድግዳ እንደ እንቁላል ይዛ ከቦታው አስቀምጣለች። አንድ ቀን እንኳ ጭነት ጥላ አታውቅም።

ወጥ ቤት ስትገባ ግን እነዚያው እጆች የሌላ ሰው እጅ ይሆኑባታል። ሽንኩርት ስትከትፍ ግማሹ መሬት ላይ ነው። እንቁላል ልትቀቅል ጥዳ ትረሳዋለች፤ ውሃው አልቆ እንቁላሉ እንደ ርችት ሲፈነዳ ነው ትዝ የሚላት። ሩዝ ሠርታ ታውቃለች፤ አንዴ። ያን ሩዝ ባሏ እስከ ዛሬ «የመሠረት ድንጋዩ» እያለ ያነሳዋል።

ደግነቱ ባሏ ባለሙያ ነው። ልብስ ሰፊ ነው፤ ሱቁ ከቤታቸው ሥር ስለሆነ ጠዋት ድስቱን ይጥድና ወርዶ ይሰፋል፣ ሽታው በደረጃው ሲወርድለት መልሶ ወጥቶ ያማስላል። ሃያ አራት ዓመት በዚህ ዓይነት ኖሩ። እሱ ያበስላል፣ እሷ ታጥባለች፤ ማንም ከማንም አልተቀያየመም።

አንድ ሰኞ ግን ልብስ ሰፊው ከላይኛው መደርደሪያ የገበር ጨርቅ ጥቅል ላውርድ ብሎ በርጩማ ላይ ወጣ። በርጩማው ከዳው። ቀኝ ክንዱ ተሰበረና ሐኪሙ ከክርኑ እስከ ጣቶቹ ሥር ድረስ በጄሶ ጠቅልሎ «ስድስት ሳምንት» አለው። ከስብራቱ ይልቅ ያመመው ሀፍረቱ ነው። ሚስቱ ስድሳ ሜትር ላይ ውላ በሰላም ትገባለች፤ እሱ ጉልበቱ ጋ ከማትደርስ በርጩማ ወድቆ ተሰበረ።

«ለማንም እንዳትነግሪ» አላት።

እሷም ለማንም አልነገረችም። ለግንባታው ሠራተኛ በሙሉ ብቻ ነው የነገረችው።

በነጋታው እትዬ ወጥ ቤቱን ተረከቡ። እትዬ የልብስ ሰፊው ታላቅ እህት ናቸው፤ ስማቸውን የሚያስታውስ ሰው ያለ አይመስልም፣ ለሁሉም እትዬ ናቸው። እናታቸው ስትሞት እሳቸው የአሥራ ሰባት፣ እሱ የስድስት ዓመት ልጅ ነበሩ። ከዚያች ቀን ጀምረው እሱንና ሁለት ወንድሞቹን አብስለው፣ አጥበው፣ ሲያስፈልግም ቆንጥጠው አሳደጉ። የሚኖሩት ሁለት መንገድ ተሻግሮ ነው። በየቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ባለ ሦስት ድርብ ምሳ ዕቃቸውን አንጠልጥለው ይመጣሉ። የምስር ሾርባ፣ ሩዝ፣ የተጠበሰ ድንች። ምግቡ ይጣፍጣል፤ አብሮት የሚመጣው ንግግር ነው የማይዋጠው።

«አንቺ ልጅ፣ ማሞቅ እንኳ መቼም አያቅትሽም። ይለኮሳል፣ ይጣዳል፣ ይወርዳል። በቃ።»

«አመሰግናለሁ እትዬ» ትላለች ፎቄ ጥርሷን እያሳየች። 

በሦስተኛው ሳምንት፣ ሐሙስ ዕለት፣ ፎቄ ከሥራ ስትገባ እትዬ ደረጃው ላይ ከአንዲት ጎረቤት ጋር ቆመው ነበር። ከታች እየመጣች መሆኗን አላዩም።

«ምን ላድርግ ብለሽ ነው» አሉ እትዬ፣ ምሳ ዕቃውን ከእጅ ወደ እጅ እያዛወሩ። «እኔ እኮ ወንድሜን ለክሬን ነው የዳርኩት።»

ጎረቤቲቱ በሳቅ ፈረሰች። ፎቄ እዚያው ድርቅ ብላ ቀረች። መጀመሪያ ሳቋ መጣ፣ ነገሩ ያስቃላ! ከዚያ ደሟ ፈላ። ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየረገጠች ወጣችና «እትዬ፣ እሁድ ምሳ እኛ ጋ ይምጡ» አለች። «ባዶ እጅዎን ይምጡ። የምሠራው እኔ ነኝ።»

እትዬ ከእግሯ እስከ ራሷ አዩዋት። «አንቺ?»

«እኔ።»

«ሐኪሙም አብሮ ተጠርቷል?»

«እሱ አይመጣም። እርስዎ ግን እንዳይቀሩ።»

ባሏ ይህን ሲሰማ ከወንበሩ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። «ምን ልትሠሪላት ነው?» አላት።

«ያንን ዶሮ።»

የትኛውን ዶሮ ብሎ መጠየቅ አላስፈለገውም። ልብስ ሰፊው በጉብዝናው ዘመን ሙያውን የተማረበት ስፌት ቤት ባለቤት ሚስት ሞሮኳዊት ነበረች። በየሳምንቱ አርብ ከላይ ቤት ድስት ታወርድላቸዋለች፤ ቢጫ መረቅ ውስጥ የተኛ ዶሮ፣ ከወይራ ፍሬና ከሎሚ ጋር። «ሎሚው ግን ይሄ እኛ የምናውቀው ሎሚ እንዳይመስልሽ፤ ጨው ውስጥ ተቀብሮ የሰነበተ ነው፣ የሚበላው ልጣጩ ነው» እያለ ሺህ ጊዜ አውርቷታል። ሠርቶት ግን አያውቅም። ያ ሎሚ ከሌለ ምኑን ዶሮ ሆነ ባይ ነው፤ ገበያ ላይ ደግሞ ፈልጎ አጥቶታል።

«ሎሚው የለም እኮ» አላት አሁንም።

«ለሎሚው አታስብ።»

ነገሩ እንዲህ ነበር። ከሁለት ወር በፊት ፎቄ ለስድሳ ዓመት ልደቱ ላስደንቀው ብላ ከስልኳ ላይ አነበበችና ስምንት ሎሚ በአራት በአራት ሰነጠቀች፣ ጨው ጠቀጠቀችባቸው፣ ትልቅ የመስታወት ዕቃ ውስጥ ከጭማቂያቸው ጋር አፍና ዘጋችባቸው። ቤት ብታስቀምጠው ባሏ በአንድ ቀን ያገኘዋል። ስለዚህ ይዛው ወጣች፣ ስድሳ ሜትር። ካቢኗ ውስጥ ከወንበሯ ጀርባ በገመድ ጠፍራ አሰረችው። አንድ ቀን የደህንነት ተቆጣጣሪው ለፍተሻ ሲወጣ አየው።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ረዳቴ ነው» አለችው።

ሰውዬው ገመዱን ሳብ ሳብ አድርጎ ሞከረው። ነቅነቅ አላለም። «ይሁን» ብሎ ፈርሞ ወረደ።

አርብ ከሥራ ስትወጣ ዕቃውን ታቅፋው ወረደች። ቤት ስትደርስ ልብስ ሰፊው በግራ እጁ ቁልፍ ሊተክል እየታገለ ነበር። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለትና ክዳኑን ከፈተችው። አፍንጫውን አስጠጋ።  ዓይኑን ጨፍኖ እንደገና አሸተተ።

«አንቺ ሴትዮ» አለ፣ ድምፁ ተቀይሮ። «ይሄን ከየት አመጣሽው?»

«ከሰማይ።»

ከየት እንዳመጣችው በዝርዝር ስትነግረው፣ የተቆጣጣሪውን ፊርማ ጭምር፣ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ሲስቅ ጄሶው ጠረጴዛውን እየመታ ቁልፎቹን ሁሉ በተናቸው፤ ሁለቱም ተንበርክከው ለቀሙ።

እሁድ ጠዋት በሦስት ሰዓት ሥራ ተጀመረ። ፎቄ ክሬን ላይ እንደምትወጣ ነው የተዘጋጀችው። ፀጉሯን ጠቅልላ አሰረች፣ እጅጌዋን ሰበሰበች፣ የሚያስፈልገውን ሁሉ በመስመር ደረደረች፦ ስድስት የዶሮ ታፋ፣ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ እርድ፣ ከሙን፣ ድንብላል፣ ቁንዶ በርበሬ፣ አንድ ቁራጭ ቀረፋ፣ ቅመም ሻጩ እንደ መድኃኒት በወረቀት ጠቅልሎ የሰጣት ሳፍሮን። ባሏ ክንዱን በሻሽ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ በሩ አጠገብ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

ልብስ ሰፊው ጥሩ አብሳይ ነው፤ አስተማሪነቱን ግን ለጠላት አይስጥ።

«ሽንኩርቱን ጨምሪ። ቆይ፣ ዘይቱ ይጋል። ጋለ! ጨምሪ! ኧረ ሁሉንም አይደለም!»

«ስንት ነው?»

«እስኪበቃው።»

«እስኪበቃው ማለት ስንት ነው?»

«ስታዪው ታውቂዋለሽ እኮ።»

«ባውቀው አንተን እዚህ ምን አስቀመጠህ?»

«እሳቱን ቀንሺ! አማስዪ! ቅመሙን አቅርቢ! እያረረ ነው አንቺ ሴት!»

አረረ። የመጀመሪያው ዙር ሽንኩርት ከሰል ሆኖ ቆሻሻ ውስጥ ገባ። መስኮቱ ተከፈተ። ፎቄ ማማሰያውን አስቀምጣ፣ ወገቧን ይዛ ወደ ባሏ ዞረች።

«ስማኝ» አለች። «ሥራ ላይ ስሆን ከታች ሃያ ሰው ቢጮህ አንዱንም አልሰማም። የማየው አንድ ሰው ነው፤ ምልክት ሰጪውን። እሱ ደግሞ አያወራም፣ እጁን ነው የማየው። እንግዲህ አፍህን ዝጋና እጅህን ስጠኝ።»

«ያለኝ አንድ እጅ ነው።»

«አንድ ይበቃል።»

አስተማረችው። ጠቋሚ ጣት ወደ ላይ ሆኖ ሲሽከረከር እሳት ጨምሪ ነው። ወደ ታች ሆኖ ሲሽከረከር ቀንሺ። የተጨበጠ ጡጫ ባለበት ይቆይ፣ አትንኪው። መዳፍ ተዘርግቶ ግራና ቀኝ ሲል በቃ፣ አቁሚ።

«ቀስ በይ ለማለትስ?» አላት።

«አንዱን እጅህን ከፊትህ ሳታንቀሳቅስ ትይዝና በሌላው ምልክቱን ትሰጣለህ።» ይህን ስትል ዓይኗ ጄሶው ላይ አረፈ፤ ደረቱ ላይ ተንጠልጥሎ እንደ ግንድ ተገትሯል። ሳቋ አመለጣት። «አንተ እኮ የምትሰጠው ምልክት ሁሉ ‹ቀስ› የሚል ነው የሚሆነው!»

«ዶሮም ቀስ ተብሎ ነው የሚሠራው» አለ ኮራ ብሎ።

በሁለተኛው ዙር ቤቱ ጸጥ አለ፤ የሚሰማው ዘይቱ ሲንጣጣ ብቻ ነው። ጣቱ ወደ ታች ዞረ፤ እሳቱን ቀነሰች። ጡጫውን ጨበጠ፤ ማማሰያውን አንስታ ጠበቀች። ሽንኩርቱ ላቡን አወጣ፣ ለሰለሰ፣ ወርቅ መሰለ። ነጭ ሽንኩርቱና ዝንጅብሉ ገቡ፣ ከዚያ ቅመሙ ተከተለ። ከሙኑ ዘይቱን ሲነካው የተነሳው ሽታ ሁለቱንም እኩል ቀና አደረጋቸው። የዶሮውን ታፋዎች አንድ በአንድ፣ ቆዳቸውን ወደ ታች አድርጋ ስታስቀምጥ እጇ ቅንጣት አልተንቀጠቀጠም፤ መስታወት ስታስቀምጥ እንደምታደርገው ትንፋሿን ያዘች፣ አስቀመጠች፣ ተነፈሰች። ልብስ ሰፊው አፉን ከፍቶ ሊያደንቃት ሲል ትእዛዙ ትዝ አለውና አውራ ጣቱን ወደ ላይ ቀሰረ።

በዓይኗ ጫፍ አየችው። «ይሄ በኛ ቋንቋ የክሬኑን ክንድ ከፍ አድርጊ ማለት ነው።»

«ክንድ ክንድ አትበዪብኝ» አለ።

ሳፍሮኑን ሙቅ ውሃ ውስጥ አርሳ አፈሰሰችው፤ መረቁ ቢጫ ሆነ። ክዳኑ ተገጠመ። ከአንድ ሰዓት በላይ በጡጫ ተጠበቀ። አምስት ሰዓት ተኩል ሲሆን የሎሚውን ልጣጭ ቀጭን ቀጭን አድርጋ ቆርጣ ከወይራው ጋር ጨመረች፣ ጥቂት ጠብቃ በማንኪያ ቀመሰች። ፊቷ ተጨማደደ።

«ምን ሆንሽ?»

«ባሕር ነው» አለች።

እሱም ቀመሰና ዓይኑን ጨፈነ። ጥፋቱ ግልጽ ነበር። ገና ከጅምሩ ዶሮውን በጨው አሽታዋለች፤ ሎሚውም ወይራውም ደግሞ ጨው ውስጥ ያደጉ ናቸው። እትዬ የሚመጡት ስድስት ሰዓት ላይ ነው። ልብስ ሰፊው ምልክቱንም እርም ብሎ «አለቀልን» አለ፤ «ሱቅ ልውረድና ዳቦና አይብ ላምጣ።»

ፎቄ አልደነገጠችም። ጭነት አየር ላይ ሲወዛወዝ ጀማሪ ነጂ በግድ ላስቁም ብሎ ይታገለዋል፤ ይብስበታል። የለመደ ነጂ ከውዝዋዜው ጋር አብሮ ይሄድለታል፤ ጭነቱም ይረጋል። ይህን ለስንቱ ጀማሪ አስተምራለች! እሳቱን አጠፋች። መረቁን በጭልፋ ግማሹን ቀንሳ ሙቅ ውሃ ተካች። በሌላ መጥበሻ ሁለት ሽንኩርት ያለ ጨው አለስልሳ ገለበጠችበት። ቀመሰች፤ ገና ነው። ቁም ሣጥኑን ከፍታ ዓይኗን ስታንከራትት ዘቢብ አየች። አንድ እፍኝ ዘቢብ፣ አንድ ማንኪያ ማር።

«ምን እያደረግሽ ነው?» ብሎ ባሏ ከወንበሩ ተነሳ።

ጡጫዋን ጨብጣ አሳየችው። ቁጭ አለ።

ጥቂት ካንተከተከችው በኋላ አቀመሰችው። እያላመጠ አሰበ። «ሴትዮዋ ዘቢብ አትጨምርም ነበር» አለ።

«ታዲያስ?»

«ታዲያማ፣ ተሳስታ ነበር።»

ወዲያው በሩ ተንኳኳ። እትዬ ከቀጠሮው ቀድመው ነበር የመጡት፣ ምናልባት ጉዱን ከሥሩ ለማየት። የፎቄ ዓይን መጀመሪያ ያረፈው እጃቸው ላይ ነው፤ ምሳ ዕቃው እንደተለመደው ተንጠልጥሏል። ባዶ እጅዎን ይምጡ ተብለው ነበር። ቅሬታዋን ዋጥ አድርጋ «ይግቡ እትዬ» አለች።

እትዬ ካፖርታቸውን አውልቀው፣ ምሳ ዕቃውን ከወንበራቸው ሥር አስቀምጠው፣ ለፈተና እንደቀረበ ሰው ቀጥ ብለው ተቀመጡ። ድስቱ መጣ፣ ክዳኑ ተነሳ። ዳቦ ቆርሰው ከመረቁ አጣቀሱ። በሉ።  እንደገና ቆረሱ። ዶሮው ገና ሹካ ሲነካው ከአጥንቱ ይለቃል። ልብስ ሰፊው በግራ እጁ አንዲት ወይራ በሳህኑ ዙሪያ ያሳድዳል። ፎቄ ስድሳ ሜትር ላይ ነፋስ ተነስቶባት እንኳ እንዲህ ጨንቋት አያውቅም።

እትዬ ሳህናቸውን በዳቦ ወልውለው ጨረሱና ቀና አሉ። «ይሄ የሚጣፍጠው ዘቢብ ነው?»

«አዎ እትዬ።»

«እህ» አሉ። ሳህናቸውን ዘረጉ። «ድገሚኝ።»

ልብስ ሰፊው በእፎይታ ወንበሩ ላይ ተዘረጋ። ግን ሁለተኛውን ሳህን ሲያጋምሱ እትዬ በድንገት መብላታቸውን አቆሙ። ዓይናቸው እንባ ሞልቷል።

«ምነው? ጨው በዛ?» አለች ፎቄ ደንግጣ።

«ዝም በይ እስቲ።» በእጃቸው ጀርባ ዓይናቸውን ጠረጉ። «እናታችን ከሞተች ሃምሳ አራት ዓመቷ ነው። ከዚያ ወዲህ ሰው ቤት ተጠርቼ ሄጃለሁ፤ ወጥ ቤት ገብቼ ሳላግዝ የተመለስኩበት ቀን ግን የለም። ክዳን ሲነሳ ከሥሩ ምን እንዳለ ሳላውቅ የተቀመጥኩት ዛሬ ገና ነው።»

ወንድማቸው በግራ እጁ እጃቸውን ያዘ። «አንቺ እኮ እትዬ፣ ምግብ መሥራት ስለምትወጂ ነው…»

«ማን ነው እወዳለሁ ያለህ?»

ወንድማቸው የያዘውን እጅ ለቀቀ።

«አልወድም» አሉ እትዬ፣ ራሳቸውም ገና አሁን የሰሙት ይመስል። «ኧረ ጭራሽ አልወድም! ሽንኩርት መላጥ አልወድም፣ ድስት መፈግፈግ አልወድም። ማን ጠየቀኝ? ሦስት ወንዶች እንደ ጫጩት አፋችሁን ከፍታችሁ ስትጠብቁኝ ምን ልበል?»

«ታዲያ የምትወጂው ምን ነበር?»

እትዬ አሰቡበት። «ጋዜጣ» አሉ። «እግሬን ሰቅዬ ጋዜጣ ማንበብ። ከነማስታወቂያው።»

ልብስ ሰፊው መጀመሪያ አፉን ከፍቶ አያቸው። ከዚያ ሳቁ አፈነው፤ እትዬም ተከተሉት፣ እያለቀሱ ይሁን እየሳቁ እስከማይለይ። ፎቄ እስኪበርድላቸው ጠበቀችና፣ ሆዷ ውስጥ ያደረው ነገር ደስታዋን እንዳያበላሽባት «እትዬ፣ ሐሙስ ዕለት ደረጃው ላይ ያሉትን ሰምቻለሁ» አለች።

የእትዬ ፊት ቲማቲም መሰለ። «የቱን?»

«ለክሬን ነው የዳርኩት ያሉትን።»

እትዬ ወንድማቸውን አዩ፣ ፎቄን አዩ፣ ድስቱን አዩ። «ይቅር በይኝ ልጄ» አሉ። «ምላሴ ሁልጊዜ ከኔ ቀድሞ ነው ከቤት የሚወጣው። ቀንቼም ሊሆን ይችላል፤ አንቺ ወጥተሽ ሰማዩን እያየሽ ትውያለሽ፣ እኔ ድስት ሥር እያየሁ።» ከዚያ ማንኪያቸውን አነሱ። «ክሬን እንዲህ እንደሚያበስል ባውቅ ደግሞ ሌሎቹንም ለክሬን ነበር የምድራቸው።»

ሲጠግቡ ጎንበስ ብለው ምሳ ዕቃቸውን አወጡና ሦስቱንም ድርብ ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት። ታጥቦ የሚያብለጨልጭ፣ ባዶ።

«ባዶ ነው እንዴ?» አለች ፎቄ።

«ባዶ እጅዎን ይምጡ አላልሽም? ባዶውን አመጣሁት። ለነገ ትሞዪልኛለሽ ብዬ።»

«ባይጣፍጥስ ኖሮ?»

«ባይጣፍጥ ባዶውን ይዤ እመለሳለሁ፤ ምን ይከብደኛል?»

ፎቄ ሦስቱንም እስከ አፋቸው ሞላቻቸው። ልብስ ሰፊው ወደ ሱቁ ወርዶ ለልክ ማውጫ የሚያስቀምጣቸውን ጋዜጦች ታቅፎ መጣ። አንዳንዱ ገጽ በኮሌታ ቅርጽ፣ አንዳንዱ በኪስ ቅርጽ ተቆርጧል። እትዬ ግድ አልሰጣቸውም። ጫማቸውን አውልቀው፣ ሶፋው ላይ እግራቸውን ሰቅለው፣ በኮሌታው ቀዳዳ በኩል ወንድማቸውን እያዩ «ይሄ የተቆረጠው ቦታ ምን ይል ነበር?» እያሉ አነበቡ። ሦስተኛው ጋዜጣ ላይ ሲደርሱ ጋዜጣው ደረታቸው ላይ ወደቀ፤ እንቅልፍ ወሰዳቸው።

ባልና ሚስቱ ኮሽታ ሳያሰሙ ዕቃ አጠቡ፤ እሷ እያጠበች፣ እሱ በግራ እጁ እያደረቀ። አንድ ሳህን ብቻ ነው የሰበረው። ሊጨርሱ ሲሉ በሩ በዝግታ ተንኳኳ። ከላይ ፎቅ የሚኖሩት የሙዚቃ መምህር ናቸው፤ ወፍራም መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ቆመዋል።

«ይቅርታ» አሉ ለልብስ ሰፊው። «ከጠዋት ጀምሮ ይሄ ሽታ ልምምድ አላሠራኝም። ምንድን ነው የሠራኸው?»

ልብስ ሰፊው ወደ ጎን ፈቀቅ አለና በጭንቅላቱ ወደ ሚስቱ አመለከተ።

ፎቄ እጇን በፎጣ አድርቃ ወጣች፤ እትዬን እንዳትቀሰቅስ በሩን ከኋላዋ ገርበብ አደረገችው። «የሞሮኮ ዶሮ ነው» አለች። መምህሩ አመስግነው ሊሄዱ ነበር፤ እሷ ግን አልጨረሰችም።

«ዋናው ነገር ሽንኩርቱ ላይ ነው» አለች በሹክሹክታ። «ብዙ ሰው እዚያ ላይ ይቸኩላል። መጻፊያ ይዘዋል?»

መምህሩ ከኪሳቸው እርሳስ አወጡ፣ ወረቀት አጡ፣ ዘወር ብለው የሙዚቃ ደብተራቸውን ከላይ አመጡ። ሁለቱም ደረጃው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ፣ ፎቄም ከመጀመሪያው ጀመረችላቸው።